የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስመ ጥር ተማሮች እንዴት ይቈጠራሉ?

በአዲስ አበባ ከተማ ስለ አንድ ትምህርት ቤት መልካምነት ሲነገር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ማስረጃ የሰው ስም ነው። በወሎ ሰፈር ወይም በቦሌ በኩል የሚኖር ወላጅ ወንድ ልጁን የላሳል ወንድሞች ወደሚመሩት ወደ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ሴት ልጁን ደግሞ ወደ ናዝሬት ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲያስብ፣ የትምህርቱን ዝርዝር ከመጠየቁ በፊት «ከዚያ ቤት ማን ወጣ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ዛፍ በፍሬው ይታወቃል ተብሎ ተጽፏልና። ነገር ግን የስመ ጥር ተማሮች ዝርዝር በበዓል ቀን ሲነበብ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ቀረ፣ የገባውም በምን ምክንያት እንደ ገባ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የአንዱን ትምህርት ቤት ዝርዝር ማውጣት አይደለም። በአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ስማቸው የታወቀ ጥቂት ተማሮችን ወስዶ፣ ዝናቸው ከምን እንደ መጣ ማየት ነው። ነገሩን ስከታተል የታየኝ ይህ ነው፤ ሚሲዮኖቹ በመጀመሪያ የፈለጉት ካህናትን ነበር፤ ስማቸው የተጠራው ተማሮች ግን፣ ካህናት የሆኑት ሳይቀሩ፣ የታወቁት በአስተርጓሚነት ነው። አስተርጓሚ ስል ቃል በቃል የሚያቀብለውን ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት ዓለም መካከል ቆሞ አንዱን ለሌላው የሚያስረዳውን ሁሉ ማለቴ ነው። የኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ «የካቶሊክ ትምህርት ቤት» የሚለውን ስም መለየት ያስፈልጋል፤ ሦስት ዓይነት ቤት በአንድ ስም ይጠራልና። አንደኛው ካህናት የሚዘጋጁበት ዘርአ ክህነት ነው። ሁለተኛው በየሚሲዮኑ አጥር ውስጥ ለአካባቢው ልጆች የተከፈተው ነው። ሦስተኛው በከተማ ያለው፣ መነኮሳት ወንድሞች ወይም እኅቶች የሚመሩት፣ ወላጅ እየከፈለ የሚያስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲባል ሁሉም የሚያስበው ይህን ሦስተኛውን ነው። የላሳል ወንድሞች ማኅበር መሥራች ፈረንሳዊው ዮሐንስ መጥምቅ ዴ ላሳል (1651–1719) ልጆች በላቲን ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ እንዲጀምሩ ያደረገ ሰው ነው። ይህን የምጠቅሰው የቋንቋ ነገር ከታች ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው።

የላዛሪስት ማኅበር አባል የሆኑት አባ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ዐድዋ የደረሱት በ1839 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዓጋመ፣ ጓላ በተባለው ስፍራ፣ የአገሩን ልጆች ለክህነት የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የዚያ ቤት የመጀመሪያው ስመ ጥር ሰው ግን ልጅ አልነበሩም። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም የተወለዱ፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው የጠፋ መነኩሴ ሲሆኑ፣ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጽሐፍ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ነበሩ። ከአባ ያቆቢስ ጋራ የተዋወቁት በ1841፣ የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ አቡን ለማስመጣት ወደ ግብፅ በላኩት መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ነው። ጓዱ ከግብፅ አልፎ እስከ ሮማ ደረሰ። አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክን እምነት በ1844 ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በጓላም አስተማሪም ተማሪም ሆኑ። ከአባ ያቆቢስ ጋራ ሆነው የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ አዘጋጁ፤ በግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ሠሩ። በ1851 ቅስና ተቀበሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ጓላ ለአባ ገብረ ሚካኤል ምን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውስ ለጓላ ምን ሰጡ? ግዕዙን፣ ቅኔውን፣ የገዳሙን ታሪክ ይዘው የገቡት እሳቸው ናቸው። ፈረንጁ መምህር ያለ እሳቸው ሕዝቡ የሚሰማው አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ ባልቻለ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከፈረንጁ ያገኙት ልዩ ልዩ የሃይማኖት ክርክር የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው የካራና የጸጋ ክርክር አገሩን ከፋፍሎ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዋጋም አስከፍሏቸዋል። ያ በ1841 የተላከው ጓድ ያስመጣቸው አቡነ ሰላማ ኋላ እሳቸውን አሰሯቸው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋራ በሰንሰለት እየተጐተቱ ሲሄዱ በነሐሴ 1855 አረፉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። በመንፈሳዊው መዝገብ ሰማዕት ተብለው ተጽፈዋል፤ ለእኛ ለተማሮች ግን በግዕዝና በአውሮፓ ዕውቀት መካከል የቆሙ መምህር መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባውም።

በሸዋ የካፑቺን ማኅበር አባል የሆኑት ማሳያ ከ1868 እስከ 1879 በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሲቀመጡ በፊንፊኔ ሚሲዮን ነበራቸው፤ ይህም አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት መሆኑ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ባዘዙት መሠረት ከአገር ሲወጡ ግን ያ ሥራ ተቋረጠ። ስለዚህ የበለጠው ፍሬ የታየው በሸዋ ሳይሆን በሐረር ነው። ካፑቺኖቹ በሐረር የተቀመጡት ከ1881 ጀምሮ ነው፤ ከ1900 በኋላም መሪያቸው ሞንሴኞር እንድርያስ ዣሮሶ ነበሩ።

ከዚህ ሚሲዮን ከወጡት ተማሮች መካከል በአገሪቱ ታሪክ ላይ ትልቅ አሻራ ያለው ሰው፣ ስሙ በሰፊው የማይነገር ሰው ነው፤ እሱም የአለቃ ወልደ ካህን ልጅ አባ ሳሙኤል ናቸው። ልዑል ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ የፈረንሳይኛ መምህር ሲፈልጉ የመረጧቸው ከጓድሉፕ ደሴት የመጡትን ሐኪም ዶክተር ቪታልየንንና አባ ሳሙኤልን ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው መምህራቸውን በፍቅር አንሥተዋል። ራስ መኰንን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ሆነው ሳለ ልጃቸውን ለካቶሊክ መምህር መስጠታቸው በዚያ ዘመን ደፋር ሥራ ነበር፤ ሆኖም ልጁ ዳዊቱንና ግዕዙን አስቀድሞ በአገሩ መምህራን ዘንድ ጀምሮ ስለ ነበረ፣ የፈለጉለት ቋንቋውን እንጂ እምነቱን እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ በሐረማያ ሐይቅ ላይ ሲሄዱ ጀልባዋ ሰጠመች። እሳቸው ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ሞቱ። ያን ቀን ነገሩ በሌላ መልክ ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ታሪክ እንዴት ይጻፍ እንደ ነበረ መገመት የታሪክ ተማሪ ሥራ ስላልሆነ እተወዋለሁ። የሚጨበጠው ይህ ነው፤ ተፈሪ መኰንን በ1923 አገራቸውን ወደ መንግሥታት ማኅበር ሲያስገቡ፣ በ1924ም በአውሮፓ ሲዘዋወሩ፣ ፈረንሳይኛውን ከእነዚያ ሁለት መምህራን የጀመሩ ሰው ነበሩ። በሰኔ 1936 በጄኔቭ ቆመው በአገራቸው ላይ የደረሰውን ግፍ ሲያሰሙ ግን የተናገሩት በአማርኛ ነው። ፈረንሳይኛ ያልቻለ ሰው በአማርኛ ቢናገር ግዴታው ነው፤ የቻለ ሰው በአማርኛ ሲናገር ግን ምርጫው ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ሚሲዮኖች የሚሠሩበትን ደንብ በ1944 በድንጋጌ ወሰነ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ባሉበት አገር ሃይማኖት ማስለወጥ ተከለከለ፤ ማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። በ1945 ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳውያን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስተዳደር ሲረከቡ የካህን ልብስ አልለበሱም፣ ስብከትም አልሰበኩም። ከእነርሱ አንዱ ዶክተር ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ ይህ ኮሌጅ ራሱ የተደራጀው በካቶሊክ መነኮሳት እጅ ነው፤ ሆኖም የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚለው ማንም የለም። እነዚህ መነኮሳት ያስተማሯቸው ተማሮች በመንግሥት ትምህርት ቤት ስም ይቈጠራሉ እንጂ በማኅበሩ ስም አይቈጠሩም። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ከመጀመሪያው ጐደሎ ነው፤ ጐደሎነቱም በራሳቸው ፈቃድ የመጣ ነው። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና፣ ካየሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስከበራቸው ነገር አላገኘሁም።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን አውጥቶ ለአማርኛ አንባቢ ያካፈለ ሰው ቢፈለግ ግንባር ቀደሙ ደራሲው ከበደ ሚካኤል ናቸው። በልጅነታቸው በአዲስ አበባ በካቶሊክ ሚሲዮን ተምረዋል። ከዚያ በኋላ የታሪኩን፣ የፍልስፍናውንና የግጥሙን መጽሐፍ እያከታተሉ ሲጽፉ፣ በአማርኛ ብቻ የሚያነበው ሰው ስለ ካርታጎው ጀኔራል ስለ አኒባልና ስለ ጃፓን ሥልጣኔ እንዲያውቅ አደረጉ። የእንግሊዙን የሼክስፒርን ቴአትር ሲተረጕሙ እንኳ የልጅቱን ስም «ዡልየት» ብለው መጻፋቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። የትምህርት ቤት ቋንቋ ከሰው አፍ ቶሎ አይለቅም። ግን ከበደ ሚካኤልን ከበደ ሚካኤል ያደረጋቸው ፈረንሳይኛ ማወቃቸው ብቻ አይደለም፤ ፈረንሳይኛ ያወቀ በዚያ ዘመን ብዙ ነበረ። እንደ እሳቸው ያለ ጥርት ያለ አማርኛ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነበር። የመጀመሪያውን ሚሲዮኑ ሰጠ እንበል፤ የሁለተኛው ምንጭ ሌላ ነው።

ከኤርትራ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከወጡት ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ በ1932 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጓድ ጎንደር በደረሰ ጊዜ የደራሲው የሚሼል ሌሪስ አስተርጓሚና የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው ሁሉ ያለ እሳቸው ጆሮና ብዕር ሊጻፍ የሚችል አልነበረም፤ መጽሐፉ የታወቀው ግን በሌሪስ ስም ነው። አስተርጓሚ የሆነ ሰው ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዶክተር አባ ገብረየሱስ ኃይሉ ናቸው። በ1906 ተወልደው፣ በአገራቸው ዘርአ ክህነት ተምረው፣ ገና ወጣት ሳሉ ሮማ ወደሚገኘው ወደ ኢትዮጵያ ኮሌጅ ሄዱ። ይህ ኮሌጅ በ1919 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1930 በቫቲካን ግቢ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለታል። ወደ ኢጣሊያ ሲጓዙ በመርከቧ ላይ አብረዋቸው የነበሩት፣ ኢጣሊያ የሊቢያን ሕዝብ ለመውጋት የምትልካቸው ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። አባ ገብረየሱስ ያዩትን በልባቸው ያዙ፤ በ1927ም የአንድ ወታደርን ታሪክ በትግርኛ ጻፉ። የታሪኩ ሰው በባዕድ አገር በረሃ ለባዕድ ጌታ ከተዋጋ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱን ሞታ ያገኛታል። መጽሐፉ የታተመው ኢጣሊያ ከኤርትራ ከወጣች በኋላ በ1950 ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው ደግሞ በ2012።

ይህ ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ሮማ ላይ፣ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ወጪ የሚማር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ሮማ ከተማ ላይ የተቀመጠው መንግሥት በወገኖቹ ላይ የሚያደርገውን በራሱ ቋንቋ መዝግቦ አስቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ይህን እንዲጽፍ አላዘዘውም፤ ግን ብዕሩን የሳለለት ትምህርት ቤቱ ነው። የሚሲዮን ትምህርት የቅኝ ገዥ መሣሪያ ብቻ ነበረ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ንጹሕ በጎ አድራጎት ነበረ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ይህን መጽሐፍ ከፊታቸው አስቀምጠው ቢከራከሩ ይሻላል።

ስለ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል መሆናቸው ነው። እኔ ግን አንድ ሌላ ዓመት መጥቀስ እወዳለሁ፤ 1968 ነው። በዚያ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ፍትሐ ነገሥትን በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ከግዕዙ የተረጐሙት አባ ጳውሎስ ነበሩ። በሚላኖ ሕግ የተማሩ የካቶሊክ ካህን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የነገሥታቱ ፍርድ ቤት ለዘመናት የተዳኙበትን መጽሐፍ ለዓለም የሕግ ሊቃውንት አቀረቡ። አባ ገብረ ሚካኤል በካቴና ከሞቱ ከመቶ ዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሃይማኖት ክርክሩ በአንድ ወገን ድል አላለቀም፤ ግን የአንዱን መጽሐፍ ሌላው በክብር ይዞ መተርጐም የሚችልበት ዘመን ደርሷል።

በበዓል ቀን የማይነበቡ ስሞችም አሉ። በአጋሜ ተራሮች ያለችው ዓሊቴና ከአባ ያቆቢስ ዘመን ጀምሮ የካቶሊክ ሚሲዮን ያለባት የኢሮብ አገር ናት። ዶክተር ተስፋዬ ደበሳይ ከዚያ ወጥተው፣ በሮማ ፍልስፍና አጥንተው፣ ዶክተር ሆነው ተመለሱ። ካህን ይሆናሉ ተብለው የተላኩት ሰው የኢሕአፓ መሪ ሆኑ፤ በ1977 በአዲስ አበባ በነበረው የግድያ ዘመን እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ከፎቅ ራሳቸውን ወርውረው ሞቱ። የእሳቸውን መንገድ የሚያደንቅ አለ፣ የሚያወግዝም አለ። ነገር ግን የትምህርት ቤት ዝርዝር የሚኒስትሩንና የባንክ ሥራ አስኪያጁን ስም ይዞ የእንዲህ ያለውን ሰው ስም የሚተው ከሆነ፣ የተማሮች መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የሹመት መዝገብ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የሚጐድለው የሴቶቹ ስም ነው። እስካሁን የቈጠርኳቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘርአ ክህነቱ ለወንድ ብቻ ነበር፣ የሮማው ኮሌጅም እንዲሁ። የሴቶች ትምህርት በእኅቶች ማኅበር እጅ ነበረና፣ ፍሬው የታየው በየሆስፒታሉ፣ በየጽሕፈት ቤቱና በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ነርስ ወይም አስተማሪ የሆነች ሴት በዝርዝር አትገባም፤ ሃምሳ ልጅ በዓመት ፊደል የምታስቈጥረው እሷ መሆኗ እንደ ዝና አይቈጠርላትም። አስተርጓሚነት ካልን ግን፣ ሐኪሙ በባዕድ ቋንቋ ያለውን ለታማሚዋ እናት፣ እናቲቱም ያለችውን ለሐኪሙ የምታስረዳው ነርስ ከማን ታንሳለች?

ይህን ለማረም የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። በናዝሬትም ሆነ በልደት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተማረች ሴት በስሟና በአባቷ ስም ትመዘገባለች። በአውሮፓ የሴቶች ትምህርት ቤት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ የሚደክመው ሴቲቱ ስታገባ ስሟ ስለሚለወጥ ነው። በአገራችን ግን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ስለዚህ በ1960ዎቹ መዝገብ ላይ የተጻፈችውን ተማሪ ዛሬ በዚያው ስም ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ጠያቂው ቶሎ ይነሣ እንጂ፤ ብዙዎቹ አሁን የልጅ ልጅ ያዩ እመቤቶች ናቸው።